የኤሊያድ ዲስክ

ናታንያ፣ እስራኤል፣ ግንቦት 2007 ዓ.ም.

ለምናፍቅሽ እህቴ ለይታይሽ፤ ጎንደር ያላችሁ ሁላችሁ እንደምን ከረማችሁ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

እልል በይልኝ! ልጄ ኤሊያድ ዲስክ አወጣ። ያንን ስንት ዓመት ጎረቤት ሲያማርርበት የኖረውን ቴነር ሳክሶፎን ይዞ፣ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር የድሮ የአሜሪካ የጃዝ ዜማዎችን ተጫወተ። ዓርብ ረፋድ በሰፈራችን ማትናስ፣ በሕዝቡ መሰብሰቢያ ማዕከል አዳራሽ ተመረቀ። ባለቤቴ ዳኘው የሠርጋችንን ሱፍ ለብሶ መጣ፤ ሱሪው እንቢ ቢለውም በጃዝ እስክስታ ወረደልሽ! ፈረንጁ ሁሉ ተከተለው።

እኔ ከፊት ተቀምጬ የኤሊያድን ጣቶች ሳይ ነበር። ጣቶቹ ሲቆሙ አለቀ ብዬ ብቻዬን አጨበጨብኩ፤ ለካ ፒያኖው ገና እየተጫወተ ኖሯል። ዳኘው እየሳቀ እጄን ያዘኝ።

ሲጨርሱ ኤሊያድ ከመድረክ ወርዶ ፊት ለፊቴ ተንበረከከ። መዳፌን ሳክሶፎኑ ላይ አድርጎ፣ ከንፈሩን እያሳየኝ ቀስ ብሎ «ኢማ፣ ይቺ ላንቺ ናት» አለኝና ነፋው። እንደ ጥጃ አንገት ሞቆ እየተንቀጠቀጠ እስከ ክርኔ ድረስ መጣልኝ። ምንም ነግሬው አላውቅም፤ ከየት አወቀ? ደስ ብሎኝ እንደ ልጅ ሳቅሁ።

ሰሞኑን ስልክሽን ባላነሳ እንዳትቀየሚኝ፤ ደብዳቤሽ ይሻለኛል። ዲስኩን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ተረጋግተሽ ስሚውና እያንዳንዱ ዜማ እንዴት እንደሚል አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ።

ቤትሽን ሰላም ይሙላው።

እህትሽ ፈንታነሽ