ከጥቁር ድንጋይ ነጭ ቀለም

ካዛንቺስ፣ ግንቦት 1996

ውድ እህቴ ደብሪቱ፣ እንደምን ከረምሽ?

ከወንዙ ዳር ያመጣሽውን ጥቁር ድንጋይ ዛሬ እዚህ ለአንዲት የማዕድን ባለሙያ አሳየኋት። እጸገነት ትባላለች። «ኢልመናይት ነው፤ ብረትና ታይታኒየም አለበት» አለችኝና የቢሮዋን ግድግዳ አሳየችኝ። «እንዲህ ያለ ነጭ ቀለም የሚሠራው ከሱ ነው።» የእኛ ትምህርት ቤት ግድግዳ ኖራ አጠገቡ ቢታይ አመድ ይመስላል።

አንቺ ይህንኑ ክፍል ውስጥ ስትነግሪኝ ተማሪዎቼ ፊት «ከከሰልም ወተት ይታለባላ!» ብዬ አሳቅኩብሽ። እንባሽን እያየሁ ትምህርቴን ቀጠልኩ። እጸገነት «ማነው ያገኘው?» ስትለኝ ስምሽን ነገርኳት፤ ያደረግኩብሽን ግን ለመናገር አፈርኩ።

ወረቀቱ አለቀብኝ። እማማን ሳሚልኝ። ሰኞ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ሰልፍ ላይ፣ አንቺ ባለሽበት፣ ጥፋቴን ለተማሪዎቹ እናገራለሁ።

ሃብተአብ