ሜዳ ያልኩት ጨፌ

ውድ ማርቲ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «እኔ ደኅና ነኝ» ይባላል። እኔ ግን አልልም፤ እስካሁን የዋሸሁት ይበቃኛል። አንቺስ እንዴት ነሽ? የዮአብ እግርስ? የድሮ ጎረቤታችን ሮዛ ሰበታ ክር ፋብሪካ ውስጥ ካንቺ ጋር በአንድ ሺፍት እንደምትሠራ ስትነግረኝ፣ ይህን በእጇ ልልክልሽ ወሰንኩ። በስልክ ብደውል አታነሺም። ብታነሺም እኔ እንደ ልማዴ ቀልድ ጣል አድርጌ፣ ዋናውን ነገር ሳልናገር እዘጋዋለሁ፤ ራሴን አውቃታለሁ። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢኝ። ከዚያ በኋላ ከፈለግሽ ቅደጂው።

ያን የነሐሴ እሑድ ደጃችን ላይ ቆመሽ አባቴን የጠየቅሽውን አልረሳሁትም። «አባባ ደገፋ፣ እዚህ ተወልደው እዚህ አርጅተው፣ ውሃ የሚተኛበትን ቦታ እንዴት ሜዳ ነው ይላሉ?» ነበር ያልሽው። እሱ ዝም አለ። ሰው ሁሉ ዝምታውን እንደ እምነት ቃል ቆጠረበት። ማርቲ፣ አባቴ ሜዳ ነው አላለም። ሜዳ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።

ከሥሩ ልንገርሽ። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን የመሬት ገጽታዎችንና የውሃ አካላትን ስም ከነትርጉማቸው በቃላችን እንድንይዝ አዘዘን። ኮረብታ፣ ሸለቆ፣ አምባ፣ ሐይቅ፣ ደሴት፣ ጅረት፣ ረግረግ። አባቴ ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጠም። እኔ ጮክ ብዬ ሳጠና እሱ አጠገቤ ተቀምጦ የድርቆሽ ማሰሪያ ገመድ እየገመደ ይሰማኛል። አንድ ቀን «ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው» ስል ቀና ብሎ «ታዲያ በሬው በየት በኩል ይገባል?» አለኝ። በሳቅ ሞትኩ። ከዚያ ወዲያ ተማሪዬ ሆነ። ከብቶቹን ውሃ ልናጠጣ አብረን ስንወርድ እጠይቀዋለሁ። አስተማሪ ነኝ ብዬ «አባዬ» ማለቱን ትቼ በስሙ ነበር የምጠራው።

«ኦቦ ደገፋ፣ ያ ምንድን ነው?»

«ኮረብታ!»

«ያስ?»

«ሸለቆ!»

ከቤታችን በታች ወዳለው ጨፌ ስንደርስ ደግሞ ዱላውን ከጎኑ አቁሞ፣ እንደ ክፍል አለቃ ቀጥ ብሎ ይመልስልኛል። «ረግረግ ማለት አብዛኛውን ክረምት ውሃ የሚተኛበት ዝቅተኛ መሬት ነው!» አንዲት ቃል አይስትም። ደሴት አይቶ አያውቅም፤ ያን መሬት ግን ከደብተሬ በፊት ያውቀዋል። እኔ ያስተማርኩት የአማርኛ ስሙን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትቼ ቤት ተቀምጬ ነበር። እናቴ ጠጅቱ ለመጣው ሁሉ «ልጄ ዲግሪ አላት» ትላለች፤ ዲግሪው ሣጥን ውስጥ ነው። አንድ የካቲት ላይ ለአባላቱ ቤት የሚሠራ ማኅበር ሰዎች መሬት ሊያዩ መጡ። የሚመራቸው ኢንጂነር ተረፈ፣ በአካባቢ ሽማግሌ ቃል የሚሞላ ቅጽ ይዞ ነበር። ሽማግሌ ተብሎ አባቴ ተመረጠ። አባቴ አማርኛ ይችላል፤ ስንት ዘመን አዲስ አበባ ድርቆሽ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ስለ መሬት ሲናገር ግን በኦሮምኛ ካልሆነ አይሆንለትም። ስለዚህ እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ።

ወደ ቦታው ስንወርድ ተረፈ መኪና ውስጥ እንዲህ አለኝ። «ረግረግ ከሆነ ይቀራል፤ ወደ ጫንጮ እንሄዳለን። ሜዳ ከሆነ ግን እዚሁ ቢሮ እንከፍታለን። የአካባቢውን ሰው የምታውቅ፣ እንዳንቺ የተማረች ልጅ እንፈልጋለን።» ዋሺ አላለኝም። የቀረውን እኔው በሆዴ ጨረስኩት።

በየካቲት መቼም ያ ቦታ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ። ድርቆሹ ታጭዶ ተነስቷል፣ መሬቱ ደርቆ ፈረስ ይንከባለልበታል። አባቴ በኦሮምኛ ረጅም ተናገረ። ይህ ጨፌ ነው አለ። «ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ውሃ ይተኛበታል፤ አባቴም አያቴም ጎጆ አልቀለሱበትም፤ አሁን ደርቆ ብታዩት አትመኑት፣ ውሃው ከሥር አለ፤ ከብት አሰማሩበት እንጂ ሰው አታስፍሩበት» አለ። ተረፈ እስክሪብቶውን ይዞ ወደ እኔ ዞረ።

«ሜዳ ነው ይላል» አልኩት። «ለጥ ያለ ሜዳ።»

አባቴ ዞር ብሎ አየኝ። አልተቆጣም። ድሮ ስጠይቀው መልስ ሲጠፋበት የሚያየኝ አስተያየት ነበር ያየኝ። ከዚያ ተረፈ ቀለሙን ሲያቀርብለት አባቴ አውራ ጣቱን ነክሮ ቅጹ ላይ አሳረፈ።

ወር ሳይሞላ ቢሮ ገባሁ። አንቺንም ያገኘሁሽ እዚያው ነው። አንቺና ባልሽ ከሆሳዕና መጥታችሁ፣ ቡራዩ ተከራይታችሁ ለግንባታው ትመላለሱ ነበር። ዮአብ ግንቡ ላይ፣ አንቺ ከታች አሸዋ ትነፊያለሽ፤ እየነፋሽም ትዘምሪያለሽ። «ኧረ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ፣ ግድግዳ ልታፈርሺ ነው!» እያልኩ እተርብሽ ነበር። አሁን ይህን ሳስበው ፊቴን የምደብቅበት አጣለሁ።

አንቺም ማኅበሩ ውስጥ ልትመዘገቢ ስታስቢ መጀመሪያ የጠየቅሽው እኔን ነው። ከምሳ ዕቃሽ ቂጣ እየቆረስሽ ታጎርሺኛለሽ። «ወርቅቱ፣ አንቺ የአገሩ ልጅ ነሽ። ቦታው ውሃ አይዝም?» አልሽኝ። ያንን ጉርሻ እያላመጥኩ «አንቺ ደግሞ! አባቴ ራሱ ሜዳ ነው ብሎ አሻራውን አኑሮ» አልኩሽ። መጀመሪያ የዋሸሁት ለማላውቃቸው ሰዎች ነበር። ሁለተኛው ግን ለአንቺ፣ ዓይንሽን እያየሁ፣ በአባቴ ስም ነው። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው።

ቤታችሁ ቆመ፣ ገባችሁ። የመጀመሪያው ክረምት ዝናቡ ቀላል ነበርና «ይኸው፣ ምን ሆነ?» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሁለተኛው ክረምት የሆነውን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ አልነግርሽም። ውሃው ከላይ አልመጣም፣ ከወለሉ ሥር ነው የወጣው፤ ልክ አባቴ እንዳለው። ከቸርች ስትመለሱ ዮአብ አልጋውን ላውጣ ብሎ ገባ፣ ግድግዳው እላዩ ላይ ተናደ። ለሠላሳ ሰው ግንብ ያቆመ እጅ ያለው ሰው፣ ዛሬ መሰላል የሚወጣበት እግር የለውም። ተለዋጭ ቦታ ብትጠይቁ ተረፈ «የአካባቢው ሽማግሌ ሜዳ ነው ብለዋል፤ እሳቸውን ጠይቁ» ብሎ መለሳችሁ። እናንተም መጥታችሁ ጠየቃችሁ።

እኔ ያን ጊዜ ከአባቴ ኋላ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። አንቺ «ከእንግዲህ አባባ አልልዎትም» ብለሽው ሄድሽ። በማግስቱ እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ ቢሮ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ አባቴን ለሽምግልና የሚጠራው የለም። «አካም ቡልተኒ» ብሎ ሰላምታ ሲሰጥ የሚመልስለት ሰው በጣት የሚቆጠር ነው። ቤተ ክርስቲያንም በጓሮ በኩል ነው የሚሄደው። ባለፈው ለቅሶ ቤት ሄዶ አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ድርቆሽ ያጨደው ኦቦ ቢቂላ ከአጠገቡ ተነስቶ ሌላ ቦታ ተቀመጠ። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት። እሱ ቤት መጥቶ እህል እንቢ አለ።

ማክሰኞ ከቢሮ ስመለስ ጨፌው ዳር ብቻውን ቁጭ ብሎ አገኘሁት። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ለምን ዝም አልክ? አማርኛ ታውቃለህ። ረግረግ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ስዋሽ ሰምተኸኛል።»

«ኢንተላ ኮ፣» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። «ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። አስተማሪዬ ሜዳ ነው ስትል እኔ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ዩኒቨርሲቲ ሄዳለች፣ ትልቁ መጽሐፍ ላይ ሌላ ስም አግኝታለት ይሆናል አልኩ።»

«እሺ፣ ማርቲ ስትጮህብህስ?»

«ያን ጊዜማ ገብቶኝ ነበር። ግን አንቺ ከኋላዬ ቆመሽ ነበር። አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩሽ።» ከዚያ ሣሩን እያየ «እስካሁንም እየጠበቅኩ ነው» አለ።

እዬዬ ብዬ አለቀስኩ ማርቲ። እሱ ግን አላባበለኝም፤ እንዲያባብለኝም አልፈለግሁም።

ስለዚህ ሳልቀባባ ልጻፍልሽ። ሱሉልታ ከቤታችን በታች ያለው፣ ቤታችሁ የቆመበት ቦታ ረግረግ ነው። አባቴ ኦቦ ደገፋ ረግረግ መሆኑንና ቤት እንዳይሠራበት በግልጽ ተናግሯል። ቃሉን ለውጬ ሜዳ ብዬ የተረጎምኩት እኔ፣ ልጁ ወርቅቱ ነኝ። ያደረግኩትም ሥራ ላገኝ ብዬ ነው።

ቅዳሜ የማኅበሩ ስብሰባ አለ። ቆሜ ይህንኑ በሁሉም ፊት እናገራለሁ። ሥራዬን አጣለሁ፣ ምናልባትም እከሰሳለሁ። እናቴ «ቤታችንን ልታፈርሺው ነው!» ብላ አልቅሳለች፤ «የማርቲስ ቤት?» አልኳት። ግን እኔ ፈሪ ነኝ፤ ያንን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ቅዳሜ ሳልናገር ብቀር እንኳ ይህ ወረቀት በእጅሽ ይኖራል። ለማኅበሩም ለፍርድ ቤትም አሳዪው። መጀመሪያ ላይ ቅደጂው ያልኩሽን ትቼዋለሁ። አትቅደጂው።

ይቅርታሽን ለምኜ ላስጨንቅሽ አልፈልግም፤ በራሱ ጊዜ ከመጣ ይምጣ። ለአባቴ ግን ደውይለት። ብዙ መናገር የለብሽም፤ «አባባ» ካልሽው ይበቃዋል።

ደብዳቤውን ከማሸጌ በፊት ላነብለት ተቀመጥኩ። በአማርኛ ስጀምር «በኦሮምኛ አድርጊው፣ የመሬት ነገር ነው» አለኝ። ተረጎምኩለት፤ አንድም ቃል አላጎደልኩም፣ አልጨመርኩም። ስጨርስ ወደ ወረቀቱ ጠጋ አለ።

«ረግረግ ብለሽ ጽፈሻል?»

«አዎ።»

«የቱ ጋ ነው?»

ጣቱን ይዤ ቃሉ ላይ አስቀመጥኩለት። ማንበብ ባይችልም አጎንብሶ ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ «እንግዲያው ቀለም አምጪልኝ» አለኝ።

ከስሜ በታች ያለው ሰማያዊ አሻራ የእሱ ነው።

ወርቅቱ ደገፋ
ሱሉልታ