የአጎቴ የመጀመሪያ ቃል

ቀጮ፣ እንዴት ነሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ልቤ ነው አላርፍ ያለኝ።

ስትሮክ አንደበቱን የያዘበትን አጎቴን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄድኩ። ነርሷ እያሳቀችው ፂሙን ስትላጨው አይቼ «በቃ፣ የኔም ሙያ ይሄው ነው» አልኩ። ቀጥሎ የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ መጣችና «በል እስቲ፣ ውሃ በለኝ» አለችው። ደጋግማ ስትነዘንዘው ተናደደና «ሂጂ!» ብሎ ጮኸባት። ሴትዮዋ በደስታ ዘለለች! ሚስቱማ እየሳቀች አለቀሰች። እኛ ሰፈር ቢሆን «ተዉት፣ ይረፍ» ብለን ዝም እንዳለ እናስቀረው ነበር። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ አንዴ ነርሷ፣ አንዴ ያቺ ሴትዮ ትመጣብኛለች፤ ያሸነፈችኝ ግን ሴትዮዋ ናት።

የስልኬ ካርድ ሊያልቅብኝ ነው። እናትሽን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። እማዬ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ ነርስ ልትሆን ነው» ብላ አውርታለች፤ ካገኘሻት «ደህና ናት» ብቻ በያት። ሐሳቤን መቀየሬን እኔው መጥቼ ልንገራት።