እኔም እንደ ናጂሃ ልነሳ

ውድ ናጂሃ፣

አሰላሙ ዐለይኪ። ፊደሉን እንዲህ ትልልቅ አድርጌ የጻፍኩት ለዓይንሽ ብዬ ነው። ቢያዳግትሽም ሌላ ሰው አያንብብልሽ፤ ቀስ እያልሽ ራስሽ አንብቢው። አራት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ቀርቶ ደህና ሰላምታ ነፍጋኝ ኖራ ዛሬ ምን አስጻፋት ትዪ ይሆናል። ልነግርሽ ነው።

አልወድሽም ነበር። ኑዕማን ፍኖተ ሰላም ላይ ሁለተኛ ሚስት አገባ ሲሉኝ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። ከዚያ ለቅሶውን ትቼ ሚዛን ያዝኩ። ሃይማኖታችን በሁለት ሚስት መሐል አታዳላ ይላልና፣ ላንቺ መጋረጃ ሲገዛ ለኔም መጋረጃ፣ ላንቺ የዒድ ቀሚስ ሲያስቆርጥ ለኔም ከዚያው ጣቃ አስቆርጠዋለሁ። ቀለሙ ለፊቴ አይሆንም፤ ቢሆንም እለብሰዋለሁ! የቡሬ እህል ነጋዴ ሁሉ «ትልቁ ሚዛን ያለው ኑዕማን ቤት ነው» እያለ ይስቅበት ነበር። ይሳቅበት።

በጥር ራስሽን አሞሽ፣ ዓይኔ ብዥ አለብኝ ብለሽ፣ ኤም አር አይ ሊያስነሳሽ ባሕር ዳር ይዞሽ ሲሄድ በቤቴ ደጅ ነው ያለፋችሁት። ውኃ እንኳ አልጠጣችሁም። ሁለት ቀን ቆያችሁ። ሲመለስ ጃኬቱን ላጥብ ብዬ ኪሱን ፈተሽኩ፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ልፈትሽ ብዬ ነው ያጠብኩት። ደረሰኙን አገኘሁ። የሦስት ኩንታል በቆሎ ዋጋ! ላንድ ጭንቅላት! ከደረሰኙ ጋር ደግሞ ጉትቻሽ በሶፍት ተጠቅልሎ ነበር። ማሽኑ ብረት እንደማይወድ፣ አውልቂ ተብለሽ እንደሰጠሽው ኋላ ነው ያወቅኩት። ያን ዕለት የታየኝ፣ ጉትቻሽን ይዞ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅሽ ብቻ ነው። ለኔ በአሥራ ስምንት ዓመት ምን ይዞልኝ ያውቃል? ወገቤን ሲቆርጠኝ «በቅቤ ታሺ» ነው ያለኝ። ልቤ ተቃጠለ።

«እኔም ራሴን ያመኛል» አልኩት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንተ እኔን ማየት ከተውክ ጀምሮ።»

«ሐዋ፣ ይኸ እኮ ቀሚስ አይደለም።»

«ለሷ ያደረግከውን ለኔም ታደርጋለህ። እኔስ ሚስት አይደለሁም?»

እምቢ ሲለኝ አጎቱ ሐጂ ያህያ ዘንድ አስጠራሁት። ያንቺን ሕመም አንድ በአንድ የራሴ አድርጌ ዘረዘርኩላቸው፤ ራሴን ይፈልጠኛል፣ ዓይኔ ብዥ ይልብኛል፣ ጠዋት ጠዋት ያስመልሰኛል። ሐጂ ሰምተው ሲያበቁ ወደሱ ዞረው «አሞኛል ካለችህ ታሳክማታለህ። ሳያማት ከሆነ ግን እሷና አላህ ይተዋወቃሉ» አሉት። አፈርኩ እንዴ? ምን አፍራለሁ! ሐኪም ዘንድም ሄጄ ያንኑ ደገምኩለት፤ የኤም አር አይ ወረቀት ጻፈልኝ።

ባሕር ዳር ምርመራ ቤቱ ወንበር ላይ ከሰከላ የመጡ አንድ ገበሬ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር፤ ስማቸው ዘሩ ነው። ሚስታቸው ያምሮት ራሷን በነጠላ ጥፍር አድርጋ አስራ ትከሻቸው ላይ ተደግፋለች። በሬ ሸጠው ነው የመጡት። ገንዘብ ተቀባይዋ «የሷ ምስሉን የሚያጠራ መርፌም ስላለው ዋጋው ይጨምራል» ስትላቸው እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ እንደገባ ቀረ።

«አይዞዎት፣ አንድ በሬ ይተካል» አልኳቸው።

«አይ እመቤቴ» አሉ፣ «አንድ በሬ ብቻውን ያርሳል? አንዱን ስሸጥ ሁለቱንም ነው የሸጥኩ። ዘንድሮ መሬቱ ጦም ያድራል። እሷ ትዳንልኝ እንጂ እሱስ ይደር።»

የነጋዴ ሚስት ነኝና ዋጋ የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የማውቀው ደረሰኝ ላይ የተጻፈውን ነው። «ብሩን ሞልታችሁ ተመለሱ» ተብለው ሚስታቸውን ደግፈው ሲወጡ የኔ ስም ተጠራ። ምንም ያላመመኝ ሴት ሙሉ ተከፍሎልኝ ገባሁ። «የኔን ለነሱ ስጡልኝ» የሚል ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር፤ አላወጣሁትም። ይኸን ካንቺ በቀር ለማንም አልተናገርኩም።

ማሽኑ ውስጥ መግባት ወፍጮ ቤት ውስጥ መተኛት ነው፤ ታውቂዋለሽ። «ያ ረቢ፣ የዋሸሁትን እውነት አታድርግብኝ» እያልኩ ቆየሁ። ዶክተሩ ውጤቱን አይቶ «ምንም የለብዎትም፣ ጤነኛ ነዎት» ሲለኝ አልሐምዱሊላህ ማለት ሲገባኝ ከፋኝ። አንቺ ያለሽ ነገር ለኔ ስላልተገኘ ከፋኝ! ቅናት ሰውን እዚህ ድረስ ያደርሳል ብለው ቢነግሩኝ አላምንም ነበር።

ስንመለስ ኑዕማን ዳንግላን እስክናልፍ ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም።

«ጤነኛ ናት ሲሉህ ደስ አላለህም?» አልኩት።

መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመና መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ኑዕማን ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

«ናጂሃ ጭንቅላት ውስጥ እብጠት አይተዋል» አለኝ። «ባለፈው ሳምንት መርፌ ተወግታ ድጋሚ መነሳት ነበረባት። ያለዚያ ምንነቱ አይለይም፤ ከዘገየች ዓይኗ ሊጠፋ ይችላል ብለውኛል። በቆሎዬን የወሰደው ሰውዬ ገንዘቤን አልሰጠኝም። እጄ ላይ የነበረው ያንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም? ለምንስ እኔን አመጣኸኝ?»

«እሷ ናታ! ‹እቴ ሐዋ ትቅደም። እኔ መታመሜን አውቄዋለሁ፤ እሷ ገና አላወቀችም፣ ትፈራለች› አለችኝ።»

ናጂሃ፣ ውሸቴን ያመንሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ሐጂ አላመኑኝም፣ ኑዕማን አላመነኝም። አንቺ ግን ከልብሽ አምነሽኝ፣ ትፈራለች ብለሽ አዝነሽልኝ፣ ዓይንሽን ለኔ ውሸት ሰጠሽ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ምንም አላመመኝም ነበር። ይኸው በእጄ ጽፌ ሰጠሁሽ፤ ለሐጂም ራሴ ሄጄ እናገራለሁ።

ትናንት የእቁባችንን ሴቶች የዚህን ወር ዕጣ ለኔ ልቀቁልኝ ብዬ ለመንኩ። ሰብሳቢያችን ሰርካለም «ለምን ፈለግሽው?» አለችኝ።

«ጣውንቴን ላሳክምበት።»

አፏን በእጇ ያዘች። «ሐዋ፣ ደህና ነሽ?» አለች። ግን ሰጡኝ።

መንገድ ካልተዘጋ ሰኞ ማለዳ ከኑዕማን ጋር ፍኖተ ሰላም መጥተን እንወስድሻለን። ቅናቱ ለቀቃት ብለሽ እንዳታስቢ፤ አልለቀቀኝም። መኪና ውስጥ እጅሽን ቢይዝሽ ወደ መስኮቱ ዞሬ ሜዳውን አያለሁ፤ ሳላስበው ዓይኔ ከተመለሰ ይቅር በይኝ። ድነሽ፣ ፊቴን እያየሽ እንድትሰድቢኝ እፈልጋለሁ። ስድቡ ይገባኛል። ምርመራ ቤቱ በር ላይ ስምሽ ሲጠራ ግን ዞር ብለሽ «እቴ ሐዋ ትቅደም» ብትዪ፣ ወላሂ አልምርሽም።

ጣውንትሽ
ሐዋ፣ ከቡሬ