ከመጀመሪያው ጠንካራውን

ለምወድሽ አክስቴ፣

እንደምን ከረምሽ? የእግርሽ መኮማተር ቀለል አለሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ ስልሽ ደግሞ ከልቤ ነው። በምረቃዬ ሰሞን የደበዘዘችው ግራ ዓይኔ ተመልሳለች። ይህን መስመር ቀኙን ጨፍኜ በእሷ ብቻ ነው የጻፍኩት!

ሕመሜ ያንቺው የነርቭ በሽታ፣ ኤም ኤስ፣ መሆኑን በስልክ ስነግርሽ «ፈጥነሽ ወስኚ» ብቻ አልሽኝ። አንቺን በሽታው ሲጀምርሽ «አንዴ ነው የተነሳብሽ፣ ጠብቂ» ብለውሽ መጠበቅሽን አውቃለሁ። ማን እንደመከረሽ ግን ነግረሽን አታውቂም።

እዚህ በሳስካችዋን የእርሻ አገር መካሪ መች ይጠፋል! በቤተ ክርስቲያኑ የመከር እራት ላይ ጎረቤታችን ኦሬስት ጠንካራ መድኃኒት ልጀምር ማሰቤን ሰምተው፣ «አንቺ ልጅ፣ አንድ አረም አየሁ ብለሽ ማሳውን በሙሉ መድኃኒት ልትረጪ ነው?» አሉኝ። «የታየዎት አንዱ ነው፤ አፈር ውስጥ የተኛውን ዘር ማን ቆጠረው?» አልኳቸው። «በቃ፣ የእርሻ ኮሌጁ አበላሽቶሻል» ብለው ወደ ቱርክ ዶሮ ጥብሳቸው ተመለሱ።

ሐኪሙ ፊት ግን እንዲህ አልቀለለኝም። ዶክተር ፍሪሰን፣ «በለዘብተኛው መድኃኒት ጀምረን በሽታው ከተነሳብሽ እናጠነክራለን፤ ወይም ከመጀመሪያው ጠንካራውን እንሰጥሻለን። ጠንካራው ግን የሰውነትሽን መከላከያ ስለሚያዳክም ለኢንፌክሽን ያጋልጥሻል። ለአንቺ የትኛው እንደሚሻል በእርግጠኝነት አላውቅም» አለኝ። ተናድጄ «ታዲያ ምን ተማርክ?» ስለው፣ «አላውቅም ማለትን» ብሎ ሳቀ።

አብሮኝ የገባውን አባባን ዞሬ አየሁት። መንገድ ላይ መኪናው ለቆመበት ሁሉ ወርዶ የሚመክረው አባባ፣ ኮፍያውን በእጁ እያዟዟረ «እኔን አትጠይቂኝ ልጄ። አንድ ጊዜ ሰው መክሬ አይቻለሁ» አለና ወጣ።

ጠንካራውን አልኩ።

ባለፈው ማክሰኞ የመጀመሪያውን መድኃኒት በደም ሥሬ ወሰድኩ። ጉሮሮዬን ሲያሳክከኝ ነርሷ ጠብታውን ቀነሰችልኝ፤ ሌላ ምንም አልሆንኩም። መሥራቱን ገና በኤምአርአይ ምርመራ እናያለን። ከወሰንኩ ወዲህ ግን ምግብ ይጣፍጠኝ ጀምሯል፤ ሦስት ቦታም ለሥራ አመልክቻለሁ።

አሁን ቴምብር ስፈልግ አባባ አየኝና «ተይው፣ እኔው አደርስላታለሁ» አለኝ። አንቺ ቤት የሄደበትን ጊዜ አላስታውስም። ጢሙን ተላጭቷል። መኪናው ላይ ሳንቃና መሰርሰሪያ ጭኖ፣ በረዶው ሳይጥል ለተሽከርካሪ ወንበርሽ መወጣጫውን ሊያጠነክርልሽ ይፈልጋል። እኔ ምንም አልጠየቅኩትም። አንቺም አትጠይቂው፤ ብቻ በሩን ክፈቺለት።

ጉልበትሽን ያበርታልኝ፤ የበረዶውን ወራት በሰላም ያሻግርሽ።

የወንድምሽ ልጅ