የጦይባ አቧራ

ኖቬምበር 9፣ እሑድ

ልብስ አጠብኩ። የፊዚክስ የቤት ሥራ ሠራሁ፣ ግማሹን። እማዬ ዱባይ፣ አል ባርሻ፣ የምትሠራበት ማዳሟ ቤት ናት፣ እስከ ዓርብ አትመጣም። አክስቴ ቀመሪያ ተኝታለች።

የእህቴን ቴሌስኮፕ ወደ በረንዳ አወጣሁት። ጦይባ ከሞተች ጀምሮ አልነካሁትም። የፀሐይ ማጣሪያውን ሁለቴ አየሁ። «ያለ ማጣሪያ እንዳታይ፤ ዓይነ ስውር ወንድም እየመራሁ የምዞርበት ጊዜ የለኝም» ትለኝ ነበር...

በፀሐይ ምሥራቅ ጠርዝ ላይ ነጥቦች አሉ። ጥቃቅን፣ የሚያበሩ። ጨው የተበተነ ይመስላል። እሷ አምና ፎቶ እንዳነሳቻቸው ዓይነት። እኔም አነሳኋቸው።

ኖቬምበር 10፣ ሰኞ

ፎቶውን ለፊዚክስ መምህራችን ለኡስታዝ ዐብዱልአዚዝ አሳየሁት። በደንብ እንኳ ሳያየው፣ «ጣሃ፣ ይሄ ጉባር ነው» አለ። አቧራ ማለቱ ነው። «ለእህትህም ነግሬያታለሁ። እስቲ ሻርጃ ውስጥ አቧራ የሌለበት ካሜራ አምጣልኝ።»

አምና ጦይባ ያነሳችውን ፎቶ ከላብራቶሪው ግድግዳ ያወረደው በዚሁ ምክንያት ነው። እዚያ አልተከራከረችውም። ቤት ስትደርስ ግን፣ «አቧራ በማግኔት ይሠራል እንዴ?» አለችኝ። ነገሩን ያስረዳችኝ ያን ቀን ነው። እያንዳንዷ ነጥብ የፀሐይ ማግኔት የቦረቦራት ትንሽ ጉድጓድ ናት። አንዷ ብቻዋን በኛ ቴሌስኮፕ አትለይም፣ ሲሰባሰቡ ነው። ከጎን ስናያት የውስጥ ግድግዳዋ ያበራል፤ ፊት ለፊት ስትሆን ትሰወራለች። ስለዚህ ጠርዝ ላይ ትታያለች፣ መሃል ትጠፋለች፣ በማዶው ጠርዝ ትመለሳለች።

የነጥቦቹን መመለስ ልታሳየው ነበር። ሆስፒታል ገባች...

ፎቶዋ ግድግዳው ላይ እስኪመለስ አልተውም።

ኖቬምበር 13፣ ሐሙስ

ጠፉ። ፀሐይ ስትዞር ወደ መሃል ገቡና ጠፉ። ይጠፋሉ ብላኛለች፣ አውቃለሁ። ካልተመለሱስ? አቧራም እኮ ይጠፋል።

ኖቬምበር 17፣ ሰኞ

ኡስታዝን ላብራቶሪው በር ላይ ጠበቅኩት። «ሐሙስ በማዶው ጠርዝ ይወጣሉ። በትምህርት ቤቱ ቴሌስኮፕ ያዩልኛል? ሁለት ቴሌስኮፕ ላይ አንድ ዓይነት አቧራ አይኖርም።»

ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «አብሽር።»

ሄደ።

አብሽር... በለቅሶው ጊዜ የኛ የወሎ ሰው ሁሉ በየተራ ያለኝ። አይዞህ፣ ቻለው። እኔ አጽናናኝ አልኩት እንዴ?

ኖቬምበር 18፣ ማክሰኞ

ደመና። ኡስታዝን ሳይ መንገድ ቀየርኩ።

ኖቬምበር 20፣ ሐሙስ

ጠዋት በረንዳ ላይ አየሁ። በምዕራቡ ጠርዝ።

ተመልሰዋል።

ደጋግሜ ፎቶ አነሳሁ። ቴሌስኮፑን ተሸክሜ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ጥበቃው፣ «ባዙካ ነው?» አለኝ።

ግቢው መሃል ኡስታዝ ቆሟል። የትምህርት ቤቱን ቴሌስኮፕ ተክሎ!

«የት ነበርክ? ያላ፣ ፀሐይ አትጠብቅም።»

«አብሽር ብለውኝ ነበርኮ...»

«አዎ፣ አብሽር አልኩህ። ይኸው መጣሁ።»

ለካ በነሱ፣ በዐረቦቹ፣ አብሽር ማለት «እሺ፣ እንዳለቀ ቁጠረው» ነው። ሻርጃ ሁለት ዓመት ኖሬ! ስንት ቀን በከንቱ ጠላሁት።

የኔን አየ። የራሱን አየ። ተመልሶ የኔን አየ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገና እንደገና አየ።

«ጉባር አይደለም» አለ፣ ቀስ ብሎ።

ክፍሉ በሙሉ ተሰልፎ አየ። «ምንድን ናቸው?» ለሚለኝ ሁሉ «የጦይባ ነጥቦች» አልኩ። ማንም አልሳቀም።

ፎቶዋን ከላብራቶሪው መሳቢያ አወጣው። ለካ አልጣለውም። ራሱ ለጠፈው፣ ከበፊቱ ከፍ አድርጎ። ከዚያ ፎቶውን እያየ፣ «አብሽሪ» አለ። ለሷ ሲሆን ደግሞ «ደስ ይበልሽ» ማለት ነው አለኝ።

ኖቬምበር 21፣ ዓርብ

እማዬ መጣች። በረንዳ ላይ ማጣሪያውን ሁለቴ አይቼ ቴሌስኮፑን አስያዝኳት። ብዙ ቆየች።

«አቧራ የተባሉት እነዚህ ናቸው?»

«እነሱ ናቸው።»

«እንዲህ የሚያበራ አቧራስ ማዳም ቤትም የለ።» ሳቀች። ከለቅሶው ወዲህ ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ጠርዙ ላይ ደርሰዋል፣ ነገ ከነገ ወዲያ ወደ ፀሐይ ጀርባ ይዞራሉ አልኳት። ዓይኗን ከቴሌስኮፑ ሳታነሳ፣ «ከዚያስ?» አለች።

«አብሽሪ እማዬ» አልኳት።

በኛ ነው ያልኳት በነሱ? በሁለቱም።