ተረከዙ ያላለቀ ጫማ

ወንድሜ ማያላ፣ ይህ ደብዳቤ ኪንሻሳ ሲደርስ አንተንም ቤተሰብህንም በደህና ያግኝልኝ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን።

ዝናቡ ከቀረ ወዲህ ማሳው ላይ የተረፈው መራራው የካሳቫ ሥር ብቻ ነው። ምሬቱ እስኪለቅ ሦስት ሌሊት ወንዝ ውስጥ የተዘፈዘፈውን ነጋዴው በመኪና ይወስደዋል፤ የኛን ግን አንድ ሌሊት አሳድሬ አወጣዋለሁ። ልጆች እየራባቸው ሦስት ቀን እንዴት ልጠብቅ? አማቴ ገንፎውን ቀምሰው፣ «አንቺ፣ ምሬቱ ያልለቀቀ ሰው ይጎዳል፤ ይሄን ለእንግዳ ልታቀርቢ ነው?» አሉኝ።

«እንግዳ የት አለና እማማ፣ ለኛው ነው» አልኳቸው።

ትልቋ ልጄ ላንዱ ሰንፋብኛለች፤ ውኃ መቅዳት ትታለች። በጣቶቿ ጫፍ ስትራመድ የመንደሩ ልጆች «ዶሮዋ መጣች!» እያሉ ይስቁባታል። የላክህላት ጫማ ፊቱ ተበልቶ አለቀ፤ ተረከዙ ግን ዛሬም አዲስ ነው። ሌላ እንዳትገዛ።

ታናሿ ለምባም ከትናንት ጀምሮ የእህቷን አካሄድ ይዛለች። «ተይ፣ በእህትሽ አትቀልጂ» ብላት፣ «እየቀለድኩ አይደለም» አለችኝ።

መቼም ልጅ ናት፣ ስትቀልድ ነው።

ለመተያየት ያብቃን፤ ግን ቶሎ ና።

እህትህ ሉዞሎ